የቀበርነው መክሊት የትኛው ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

እነሆ የዐቢይ ጾም ስድስተኛው ሳምንት ላይ ደረስን። ይህ ሳምንት ገብር ኄር ይባላል፤ ቸርና ታማኝ አገልጋይ ማለት ነው። በዚህ እሑድ የሚነበበው ወንጌል የመክሊቱ ምሳሌ ነው (ማቴ. 25፥14-30)። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ ባለጸጋ ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ ሲል አገልጋዮቹን ጠራ። ለአንዱ አምስት፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ ለሦስተኛው አንድ መክሊት ሰጣቸው። ሁለቱ ነግደው እጥፍ አተረፉ። ሦስተኛው ግን መሬት ቆፈረና ቀበረው። ጌታው ተመልሶ በተሳሰባቸው ጊዜ ሁለቱ ተመሰገኑ፤ ሦስተኛው ወደ ውጭ ተጣለ።

ይህን ወንጌል ስንሰማ ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ሥራ ነው። መማር፣ መሥራት፣ ማደግ፣ እግዚአብሔር የሰጠንን ዕውቀት አለመቅበር። ልክ ነው፤ ይህም ተጽፎልናል። ነገር ግን ዛሬ አንድ ሌላ ጥያቄ አብረን እንጠይቅ። አምስት መክሊት የተቀበለው ሰው በአንዱ ብቻ ነግዶ አራቱን ቀብሮ ቢመጣስ? በዚያ በአንዱ መክሊት ሰው ሁሉ እስኪደነቅ ድረስ አትርፎ ቢሆንስ? ጌታው የሚጠይቀው ስላተረፈበት ነው ወይስ ስለቀበራቸው?

ስንት መክሊት ተቀበልን?

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልብ እንበል። መክሊት ትንሽ ገንዘብ አልነበረም። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነው። አንድ ዲናር ደግሞ የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ እንደ ነበረ ከወይኑ ቦታ ምሳሌ እንረዳለን (ማቴ. 20፥2)። እንግዲህ አንድ ሠራተኛ በሳምንት ስድስት ቀን እየሠራ አንድ መክሊት ለማግኘት ወደ 20 ዓመት የሚጠጋ ዘመን ይፈጅበታል ማለት ነው። አንድ መክሊት የተሰጠው ሰው "ለእኔ የደረሰኝ ጥቂት ነው" ሊል አይችልም ነበር። የአንድ ሰው የሥራ ዘመን በእጁ ተቀምጦለታል።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። አምስት ያተረፈውና ሁለት ያተረፈው የተቀበሉት ምስጋና አንድ ዓይነት ነው። ጌታው ለአንዱ የሞቀ፣ ለሌላው የቀዘቀዘ ቃል አልተናገረም። ሁለቱም ወደ ጌታቸው ደስታ ገቡ። ስለዚህ የወረዳ ኃላፊ የሆነውና የቀበሌ ሠራተኛ የሆነው፣ ማስተርስ የያዘውና እስከ አሥረኛ ክፍል የተማረው፣ በዚያ ቀን የሚጠየቁት በወንበራቸው ቁመት አይደለም፤ በታማኝነታቸው ነው።

ታዲያ እኛ የተቀበልነው ምንድን ነው? አንዱ መክሊት ሥራችን ነው፤ እጃችን፣ ትምህርታችን፣ ሙያችን። ሁለተኛው ትዳራችን ነው። ሦስተኛው ልጆቻችን ናቸው። አራተኛው የወለዱን፣ ያሳደጉን አባትና እናት ናቸው። አምስተኛው ነፍሳችን ናት። ያላገባችሁ፣ ልጅ ያልወለዳችሁ ብትሆኑም ወላጅ፣ እኅትና ወንድም፣ ነፍስም አላችሁ። ከመካከላችን ሂሳብ የማይጠየቅ የለም።

መውጣት ኃጢአት አይደለም

ይህን ስል "ሥራ ተውና ቤት ተቀመጡ" ማለቴ አይደለም። እንዲያ የሚል ሰው የጋይንትን፣ የስማዳን፣ የእስቴን ኑሮ አያውቅም። የ1977ቱን ድርቅ ያዩ አባቶችና እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት ሲጀመር ጋይንትና ስማዳ በመጀመሪያ ከታቀፉት ወረዳዎች ነበሩ። ያለ ምክንያት አልነበረም። መሬቱ ጠቧል፤ ገደሉ በዝቷል፤ በበሽሎና በዓባይ ተዳፋት የሚኖረው ገበሬ ዝናብ ሲቀርበት ዓመቱን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ሰው ይወጣል። በሐምሌ ለአረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የወረደ ስንቱ ነው! ወባውን፣ ካላዛሩን እያወቀ የወረደ። ወደ ዐረብ አገር የሄዱ እኅቶቻችንም አሉ፤ ከሰው ቤት እያጠቡና እየጠረጉ የእናታቸውን ቤት ቆርቆሮ ያለበሱ። የተማረውም እንዲሁ ነው። የተመደበበት ቦታና ቤተሰቡ ያሉበት ቦታ አይገናኙም።

ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ቤተሰዎቹ የማያስብ ሰው ሃይማኖቱን እንደ ካደ፣ ከማያምንም የባሰ እንደ ሆነ ጽፏል (1 ጢሞ. 5፥8)። እንግዲህ ልጆቹን ለማብላት መንገድ የወጣ ሰው ትእዛዝ እየፈጸመ ነው። ሥራ ርግማን አይደለም። ጌታችን ራሱ በጠራቢው በዮሴፍ ቤት አደገ፤ የናዝሬት ሰዎችም ጠራቢው ብለው ጠሩት (ማር. 6፥3)። ክርስቲያን ሥራ ይወዳል፤ ማደግ ቢመኝም አይነቀፍም።

የሚያስፈራው መውጣቱ አይደለም። የሚያስፈራው ለቤት ብለን ወጥተን ቤቱን መርሳታችን ነው። ለእነርሱ ብለን የጀመርነው ሥራ ቀስ በቀስ እነርሱን የሚተካ ሲሆን ነው።

አንድ ቤት እናስብ

እስቲ በሐሳባችን ወደ አንድ ቤት እንግባ። ስም አንሰጠውም፤ የማንም ቤት አይደለም፤ ግን የብዙዎቻችንን ይመስላል። አባወራው መምህር ነው፤ መካነ ኢየሱስ ያስተምራል። ባለቤቱ የጤና ባለሙያ ናት፤ ወገዳ ተመድባለች። ዝውውር ጠይቀው ይጠብቃሉ። የአምስት ዓመት ልጃቸው ነፋስ መውጫ ከአያቱ ዘንድ ነው።

ክረምት ሲመጣ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ያን ጊዜ አባት ከልጁ ጋር ሊሆን ይችል ነበር። እርሱ ግን ክረምቱን ለመማር ይወጣል። "ይቺን ዲግሪ ልጨርስ፣ ከዚያ ቤቴን እሰበስባለሁ" ይላል። ዲግሪው አለቀ፤ ማስተርስ መጣ። ማስተርሱ አለቀ፤ የኃላፊነት ቦታ መጣ። ኃላፊነቱ ስብሰባ አመጣ፤ ስብሰባው ቅዳሜና እሑድን ወሰደ። ሚስትም በበኩሏ ተረኛ ናት፤ ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ስትመጣ ጥላ መሄድ አትችልም። ሁለቱም አይሰርፉም፣ አይሰክሩም፤ ደመወዙ ለአያቲቱ በየወሩ ይላካል።

አባት ለፋሲካ ሲገባ ልጁ ከአያቱ ቀሚስ ኋላ ተደበቀ። "ና እንጂ የኔ ጌታ፤ አባትህ እኮ ነው፤ ሳመው" ትለዋለች። ልጁ በዓይኑ ሰርቆ አየውና፣ "አባቴ እኮ ስልክ ውስጥ ነው ያለው" አለ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። አባትም ሳቀ። ሌሊት ግን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ያ ሦስተኛው አገልጋይ እኮ ሌባ አልነበረም። መክሊቱን አልሸጠም፣ አልጠጣበትም። ከመሬት በታች፣ ማንም ከማይነካው ቦታ አኖረው። ጌታው ሲመጣም ሳይጎድል መለሰለት። ጥፋቱ "በደህና ቦታ አስቀምጬዋለሁ" ብሎ መተኛቱ ነበር። እኛስ "ልጄን ከእናቴ ዘንድ በደህና አስቀምጬዋለሁ" ስንል፣ "ሚስቴ ምንም አልጎደለባትም" ስንል፣ የምንናገረው የዚያን ሰው ቃል እንዳይሆን እንፍራ። አያት በረከት ናት፤ ስንቶቻችን በአያት እጅ አድገናል! ነገር ግን አደራ የሚጠበቀው ባለቤቱ እየተመለሰ ሲያየው ነው። ልጅ ደግሞ የሚያድግ መክሊት ነው። ተቀብሮ አይጠብቀንም። ስንመለስ ያስቀመጥነው ሕፃን የለም፤ ጢም ያወጣ፣ የማያውቀን ወጣት ነው።

በሉቃስ ወንጌል እመቤታችንና ጻድቁ ዮሴፍ ከኢየሩሳሌም ሲመለሱ ብላቴናው ከመንገደኞች ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ እንደ ሄዱ ተጽፏል (ሉቃ. 2፥44)። ይህ የሆነው በቸልታ አይደለም፤ ለጌታ ፈቃድ ነው። እኛ ግን ለራሳችን የምንማረው አለ። ልጁ ከዘመድ ጋር ነው ብለው በዚያ አልቀጠሉም። አንድ ቀን ሄደው እንደ ሌለ ባወቁ ጊዜ የሄዱትን መንገድ ሁሉ ተመልሰው ፈለጉት፤ በሦስተኛውም ቀን በቤተ መቅደስ አገኙት። አንድ ቀን የሄደ ሰው ከአንድ ቀን ይመለሳል። አሥር ዓመት የሄደ ሰውስ? ቢሆንም የተመለሰ አገኘ፤ ያልተመለሰ ግን አያገኝም።

ዮቶር ለምን መጣ?

ከሙሴ የሚበልጥ ሥራ የነበረው ማን ነው? ሕዝብን ከግብፅ አወጣ፤ ባሕር ከፈለ፤ ከእግዚአብሔር ጋር ተነጋገረ። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 18 የተጻፈውን ግን ብዙ ጊዜ እናልፈዋለን። ሙሴ ሚስቱን ሲፓራን ወደ አባቷ ልኳት ነበር። አማቱ ዮቶር እርሷንና ሁለቱን ልጆች፣ ጌርሳምንና አልዓዛርን፣ ይዞ ወደ ምድረ በዳ መጣ። ሙሴ ወጥቶ ተቀበለው፤ ሰገደ፤ ሳመው። ደህንነቱን ተጠያየቁ።

በማግሥቱ ዮቶር ምን አየ? ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ ሲፈርድ፣ ሕዝቡ በፊቱ ቆሞ ሲውል አየ። ሚስትና ልጆች ገና ትናንት መግባታቸው ነበር። ዮቶር ዝም አላለም። ይህ አካሄድ ደግ እንዳልሆነ፣ ራሱም ሕዝቡም እንደሚዝሉ ነገረው። የታመኑ ሰዎችን የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳ፣ የአሥር አለቃ አድርገህ ሹም፤ ትልቁን ነገር አንተ ያዝ፣ ትንሹን ለእነርሱ ተው ብሎ መከረው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ሙሴ ይሠራ የነበረው ክፉ ሥራ አይደለም፤ ቅዱስ ሥራ ነው። መልካም ሥራም ቢሆን ልክ ሲያጣ ሰውን ይጨርሳል። ሁለተኛ፣ "ከእኔ በቀር የሚሠራው የለም" የምንለው ሁሉ እውነት አይደለም። ሲፈለጉ ሰዎች ተገኙ። ሦስተኛ፣ ሙሴ ከእግዚአብሔር ጋር የሚነጋገር ነቢይ ሆኖ ሳለ የአማቱን ምክር ሰማ። እኛ ግን "ቤተሰብህን አስብ እንጂ" የሚለንን ሰው ምቀኛ እንለዋለን፤ ወይም "እርሱ ምን ያውቃል፤ ያልተማረ ነው" እንላለን። አማትህ ሲናገሩ፣ እናትህ ሲያዝኑ፣ ሚስትህ ዝም ስትል፣ ምናልባት እግዚአብሔር ዮቶርን ልኮልህ ይሆናል።

አገልግሎትም ሽፋን አይሁነን

"እኔስ የምሯሯጠው ለቤተ ክርስቲያን ነው" የሚል አይጠፋም። የዔሊን ታሪክ ያስታውስ። ዔሊ ካህን ነበር፤ በእስራኤል ላይም 40 ዓመት ፈረደ (1 ሳሙ. 4፥18)። ከመቅደሱ አልጠፋም። ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ ግን ከዚያው ከመቅደሱ ደጃፍ ጠፉ። እግዚአብሔር በዔሊ ላይ የተናገረው መሥዋዕት አጓደልህ ብሎ አይደለም፤ ልጆችህ ሲበድሉ እያወቅህ አልከለከልህም ብሎ ነው (1 ሳሙ. 3፥13)።

ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ታውቃለች። በሥርዓታችን ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ አስቀድሞ ወይ ትዳሩን ይይዛል፣ ወይ ይመነኩሳል። ከተካነ በኋላ ማግባት የለም። ሐዋርያውም ቤቱን ማስተዳደር የማያውቅ የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይጠብቃል ብሎ ይጠይቃል (1 ጢሞ. 3፥5)። ሹመቱ ሳይመጣ ቤት ይታያል ማለት ነው። ዮሐንስ አፈወርቅም የክርስቲያን ቤት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን አስተምሯል። እንግዲህ ማኅበር ስንሰበስብ፣ ጉባኤ ስናዘጋጅ፣ ሕንፃ ስናሠራ፣ ያችን ትንሿን ቤተ ክርስቲያን ዘግተን መምጣት የለብንም።

የቤቱ ሸክም የማን ነው?

ይህ ነገር ሲነሣ ብዙ ወንዶች ወደ ሚስቶቻቸው ዞር ብለው ያያሉ። "ሰማሽ?" እንደ ማለት። አይደለም ወንድሜ። ወንጌሉ ለሁለታችሁም ነው የተነበበው።

ሴቷም መክሊት ተቀብላለች። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 31 ላይ የተመሰገነችውን ሴት አስተውሉ። እርሻ አይታ ትገዛለች፤ ፈትላና ሠርታ ለነጋዴ ትሸጣለች፤ እጇን ለድኻ ትዘረጋለች። ቤተሰዎቿም አልተራቡም። ባሏ በአደባባይ የታወቀ ነው፤ በሥራዋም ያመሰግናታል እንጂ አያፍርባትም። እንግዲህ ሚስቱ እንዳትማር፣ እንዳትሠራ የሚከለክል ሰው የሌላ ሰው መክሊት ቀባሪ ነው። የራስን መቅበር እንዲህ ካስጠየቀ የሌላውን መቅበር ምን ያህል ያስጠይቅ!

ደግሞም ሴቷ ከቢሮ ወይም ከገበያ ስትመለስ ሁለተኛ ሥራ ይጠብቃታል። እንጀራው፣ ወጡ፣ ውኃው፣ የልጁ ልብስ። ወንዱ ግን "ደክሞኛል" ብሎ ጋደም ይላል። እርሷስ ድካም አልተፈጠረላትም? ጌታችን በመጨረሻዋ ማታ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ (ዮሐ. 13፥5)። ከጌታ የሚበልጥ ወንድነት ያለው ካለ ይምጣ። ውኃ መቅዳት፣ ልጅ ማጠብ፣ ሽሮ ማማሰል ወንድን አያሳንስም። በዚህ ጾም ስግደት ስንሰግድ ጉልበታችን መሬት ይነካል፤ ከሰገድን በኋላ ያ ጉልበት በቤታችን ምጣድ አጠገብ ቢንበረከክ ስግደቱ ፍሬ አፈራ ማለት ነው።

የራሳችሁ የወይን ቦታስ?

በመኃልየ መኃልይ የሌሎች ወይን ጠባቂ ሆና የራሷን ወይን ያልጠበቀች ሴት ታዝናለች (መኃ. 1፥6)። አባቶች ይህን ቃል ስለ ነፍስ ይተረጉሙታል። ከእናንተ መካከል ለሥራውም ለቤቱም ሁሉ ደርሳችሁ ለራሳችሁ ነፍስ ግን ያልደረሳችሁ አላችሁ። የሰው ልጅ ስታስተምር የዋለች መምህርት፣ ማታ ለራሷ ልጆች፣ ሌሊት ለታመመች እናቷ። ሁሉ ይጠራታል፤ እርሷ ግን የምትጠራው የለም።

ለእንዲህ ያላችሁ ወገኖች መናገር የምወደው የወቀሳ ቃል አይደለም። ደቀ መዛሙርቱ የሚመጣውና የሚሄደው ሰው በዝቶ እንጀራ ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ ጌታ ወደ ምድረ በዳ ለብቻቸው ወስዶ ጥቂት እንዲያርፉ ነገራቸው (ማር. 6፥31)። ዕረፍትን ያዘዘው እርሱ ነው። ማርታንም የገሠጻት ስላበሰለች አይደለም፤ በብዙ ነገር ስለ ታወከች ነው (ሉቃ. 10፥41)። ሩብ ሰዓት ጸሎት፣ ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር፣ ከቅዱስ ቁርባን አለመራቅ ጊዜ ማባከን አይደለም። የደረቀ ጉድጓድ ለማንም ውኃ አይሰጥም።

ከበሮው ለምን ዝም አለ?

በጋይንት ላይ ለምትኖሩ ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ ሩቅ አይደለም። ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና መዋሥዕት ምስክር ቤት ነው። ከየአገሩ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ የመጣ ተማሪ ስንቱን ዓመት የተቀመጠባቸው ቦታዎች ናቸው።

በዚህ ጾም ወራት በቤተ ክርስቲያን ምን አስተዋላችሁ? ከበሮው አይመታም። ጸናጽሉ አይሰማም። ሊቃውንቱ ጾመ ድጓውን በመቋሚያ ብቻ ይዘምማሉ። ከበሮ ኃጢአት ሆኖ ነው? አይደለም። በጥምቀት የመታነው፣ በፋሲካም የምንመታው ያው ከበሮ ነው። ዝም ያለው ጊዜው የሌላ ድምፅ ስለ ሆነ ነው። ከበሮው ሲያርፍ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ ይሰማል፤ የሚያለቅስ ካለም ይሰማል።

ቅዱስ ያሬድ ለዘመናቱ ሁሉ ድርሻቸውን ሰጥቶ አዘጋጀ። ለክረምቱ የክረምቱን፣ ለጾሙ የጾሙን፣ ለትንሣኤው የትንሣኤውን። ዓመቱን ሙሉ አንድ ዜማ ብቻ የሚጮህ ሰው መሪጌታ አይባልም። የእኛም ሕይወት እንደዚህ ነው። ሥራችን ከበሮ ነው፤ ድምፁ ትልቅ ነው፤ ሰው ሁሉ ይሰማዋል፤ እልልታም ያስከትላል። ልጅ ግን በቀስታ ነው የሚናገረው። ሚስትም የምታዝነው በቀስታ ነው። የአረጀች እናት ደግሞ "ደህና ነኝ ልጄ፣ ሥራህን ሥራ" ብላ ነው የምታለቅሰው። ከበሮውን ለጥቂት ጊዜ ካላስቀመጥነው አንሰማቸውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ጾሙ ሳያልቅ የምንጀምራቸውን ጥቂት ነገሮች እንያዝ።

1. ጾም የሚፈታበትን ማዕድ አብረን እንብላ። ሽሮ ይሁን፣ ድንች ይሁን፣ በሶ ይሁን፤ በአንድ ትሪ ዙሪያ፣ ስልክ ወደ ጎን ተደርጎ።

2. ከመኝታ በፊት አባታችን ሆይን በአንድነት እንድገም። ልጁ ይጀምር፤ አባት ይከተል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

3. በሩቅ ያለን ሰዎች የምንደውልበት ሰዓት የታወቀ ይሁን። ገንዘቡ ደረሰ አልደረሰ ብቻ አንጠይቅ። ልጁን "ዛሬ ምን ተማርክ? ከማን ጋር ተጫወትክ?" እንበለው፤ የነገረንንም በሚቀጥለው ጊዜ እናስታውሰው።

4. ለሥራ የወጣ ሰው የሚመለስበትን ቀን ለቤቱ ይንገር፤ ቀኑንም ያክብር። "አንድ ዓመት ብቻ" ተብሎ የተጀመረው አሥር ዓመት የሚሆነው ቀን ስላልተቆረጠለት ነው።

5. ዕድገት ወይም አዲስ ቦታ ሲመጣ "እሺ" ከማለታችን በፊት ከትዳር ጓደኛችን ጋር እንመካከር፤ ለንስሐ አባታችንም እናማክር። አንዳንድ ጊዜ መቀበሉ ይሻላል፤ አንዳንድ ጊዜ መተዉ። ብቻችንን የወሰንነውን ግን ቤተሰቡ ሁሉ ይከፍለዋል።

6. ሰንበትን እናክብር። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቤተሰብ። በቅርብ ያሉ ወላጆች ካሉን በዚያ ቀን እንጠይቃቸው።

አማራጭ ያጣችሁ፣ ዝውውሩ የተከለከላችሁ፣ ዕዳ ያሰራችሁ አላችሁ። እግዚአብሔር የማይቻላችሁን አይጠይቃችሁም፤ ለእያንዳንዱ እንደ ዓቅሙ ነው የሰጠው ይላል ወንጌሉ (ማቴ. 25፥15)። የምትችሉትን ትንሿን ነገር ግን አትቅበሯት። የአንድ ሰዓት መክሊትም መክሊት ናት።

የዘገያችሁ የመሰላችሁም አላችሁ፤ ልጆቻችሁ ያደጉባችሁ፣ ትዳራችሁ የቀዘቀዘባችሁ። መሬት ውስጥ የተቀበረ መክሊት ጌታው እስኪመጣ ድረስ ሊወጣ ይችላል። ጌታው ገና አልመጣም። በዚህ ሳምንት ተነሥታችሁ ቆፍሩ። "ልጄ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ" ማለት አባትን አያዋርድም። ከንስሐ ሁሉ የሚከብደው ለራስ ቤተሰብ የሚነገረው ነው፤ በረከቱም እንደዚያው ነው።

በዚያን ቀን በመዝገብ ቤት ያለው የግል ማኅደራችን አይከፈትም። የሚጠየቀው አደራችን ነው። "ሰጥቼህ የነበሩት ሰዎች የት አሉ?" በተባልን ጊዜ እነሆ እኔና የሰጠኸኝ ልጆች ብለን ለመቆም ያብቃን።

ቸሩ አምላካችን የተበተኑትን ቤቶች ይሰብስብልን፤ በመንገድ ያሉትን በሰላም ይመልስልን፤ በሰው አገር የሚደክሙትን ይጠብቅልን፤ የሚጠብቋቸውንም ያጽናናልን። ጾሙን የበረከት ያድርግልን፤ ለብርሃነ ትንሣኤው ከነቤተሰባችን ያድርሰን። የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳኑ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር
አሜን።